ሠራተኛ ማህበር ውስጥ መግባት "ፖለቲከኛ" ያስብላል እንዴ?

የሽመናው ልጅ፦
ሰላም ቤተሰብ። ጨርቃጨርቅ ፋብሪካ ውስጥ ሽመና ክፍል ነው የምሠራው፣ የሙከራ ጊዜዬን ጨርሼ ቋሚ ሆኛለሁ። ሰሞኑን ልጆቹ ማህበር እናቋቁም ብለው ፊርማ እያሰባሰቡ ነው፣ እኔንም ኮሚቴ ግባ ብለው ያዙኝ። ሱፐርቫይዘራችን ይሄን ሰምቶ ነው መሰለኝ ሻይ ሰዓት ላይ አጠገቤ ቁጭ አለና "አንተ እኮ ጨዋ ልጅ ነህ፣ ፖለቲካ ውስጥ ምን አስገባህ" አለኝ። አባቴም ስነግረው ደነገጠ። እኔ እንግዲህ መፈክር ምናምን የምወድ ሰው አይደለሁም፣ የምፈልገው ኦቨርታይሜ በትክክል እንዲታሰብልኝና ማታ ስንወጣ ሰርቪስ እንዲኖር ነው። ይሄን ብቻ የሚፈልግ ሰው ማህበር ውስጥ ቦታ አለው ወይስ ሙሉ በሙሉ "የማህበር ሰው" መሆን አለብኝ?

የአቃቂው አዛውንት፦
ልጄ አባትህ ቢደነግጥ አትፍረድበት። በ1955 የተቋቋመው የድሮው የሠራተኞች አንድነት ማህበር በ1966 የካቲት መጨረሻ ላይ አገር አቀፍ የሥራ ማቆም አድማ ሲመታ የጠየቀው ዝቅተኛ የደሞዝ ወለል፣ ጡረታና የመደራጀት መብት ነበር፣ ማለት የሆድ ጥያቄ ነው። ደርግ መጥቶ እሱን አፈረሰና በ1969 መኢሠማን (የመላው ኢትዮጵያ ሠራተኞች ማህበር) ተካ፣ ከዛ በኋላ ማህበር ማለት የመንግሥት አፍ ሆነ፣ ስብሰባ ሄደን አጨብጭበን እንመለስ ነበር። የኛ ዘመን ሰው ማህበር ሲባል የሚታየው ያ ነው። አንተ ግን ሰርቪስ ነው የጠየቅከው፣ ሰርቪስ ደግሞ ምን ፖለቲካ አለው?

ኤች አር ነበርኩ፦
ሁለቱ ጥያቄዎችህ ለየብቻ ናቸው ወንድሜ። ኦቨርታይም ሕግ ነው፣ አዋጅ 1156/2011 ቁጭ አርጎታል፦ እስከ ምሽቱ 4 ሰዓት ያለው በ1.5፣ ከዛ እስከ ንጋቱ 12 በ1.75፣ የሳምንት ዕረፍት ቀን በ2፣ የሕዝብ በዓል በ2.5 ይባዛል። ማህበር ኖረም አልኖረም ይከፍሉሃል፣ ማለቴ መክፈል አለባቸው። ሰርቪስ ግን የድርድር ነገር ነው፣ ኅብረት ስምምነት (ማህበሩና አሠሪው ተደራድረው የሚፈራረሙት ውል) ውስጥ ካላስገባችሁት በስተቀር ብቻህን ቢሮ ገብተህ ብትለምን "እናየዋለን" ተብለህ ትወጣለህ። አሥር ሰው ካላችሁ ማህበር ማቋቋም ትችላላችሁ፣ የመደራጀት መብት ሕገ መንግሥቱም አንቀጽ 42 ላይ አለ። በማህበር አባልነት ማባረር ክልክል ነው፣ ግን ማንም አሠሪ የስንብት ደብዳቤ ላይ "ማህበር ስለገባህ" ብሎ አይጽፍም፣ ማርፈድ ይልሃል፣ ሥራ መበደል ይልሃል። ስለዚህ ከዛሬ ጀምሮ ሰዓትህን አክብር፣ ማስጠንቀቂያ ከተሰጠህ ኮፒውን ሳትይዝ አትውጣ።

ሰለቸኝ፦
ሁሉም መጀመሪያ ላይ እንደዚህ ነው። የኛ ሊቀመንበር ከኛ ጋር ክር ሲያነሳ የነበረ ልጅ ነው፣ ከተመረጠ በኋላ ቢሮ ተሰጠው፣ ከማናጀሩ ጋር ምሳ መብላት ጀመረ፣ ማሽን ክፍል የምናየው ለምርጫ ሰሞን ሆነ። እኔ የማህበር ሰው ነኝ የሚል ሲመጣ የመጀመሪያ ጥያቄዬ መዋጮው የት ገባ የሚል ነው 😅

ቨርጂኒያ፦
@ሰለቸኝ እውነትህን ነው ግን ሌላም አይነት አለ። እዚህ ሆቴል ነው የምሠራው፣ ቨርጂኒያ ውስጥ ደግሞ ከ1947 (በፈረንጅ) ጀምሮ ያለው ሕግ መዋጮ ሳትከፍል ዩኒየኑ በተደራደረው ደሞዝ እንድትጠቀም ይፈቅድልሃል። ብዙ አበሻ አይከፍልም፣ ለምን ይከፍላል በነፃ እያገኘ። አንድ የማይከፍል፣ እንደውም ዩኒየኑን ሲሳደብ የሚውል ልጅ ነበረ፣ አንድ ቀን እንግዳ ከሶት ማናጀሩ ጠራው። የኛ ስቱዋርድ፣ ማለት ዩኒየኑን ወክለው ለሠራተኛው የሚቆሙት፣ ትልቅ ሴትዮ ናቸው፣ ሺፍታቸው አልቆ ኮታቸውን ለብሰው ነበር፣ አውልቀው አብረውት ገቡ። ዩኒየኑ የማይከፍለውንም የመወከል ግዴታ አለበት፣ ግን ሴትዮዋ ግዴታ ነው ብለው ፊታቸውን ሳያጠቁሩ ነው የገቡት፣ ልጁም በማስጠንቀቂያ ብቻ ወጣ። እኔ ዩኒየኒስት የምለው እሳቸውን ነው፣ ስለ ዩኒየን ሲያወሩ ሰምቻቸው እንኳን አላውቅም።

የሽመናው ልጅ፦
አመሰግናለሁ በጣም። ጋሼ፣ የጻፉትን ለአባቴ አሳይቼው "በል እንዳሻህ" አለኝ፣ ከሱ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፊርማውን እፈርማለሁ፣ ኮሚቴው ላይ ግን መናገር አልችልበትም።

ኤች አር ነበርኩ፦
ኦዲት ኮሚቴ ግባ፣ ንግግር አይጠይቅም። መዋጮው የት ገባ ለሚለው መልስ የሚሰጥ ሰው ያስፈልጋቸዋል።

ሰለቸኝ፦
እሱ ከሆነ እኔም እመርጥሃለሁ