አዲስ መነጽር ሳደርግ ወለሉ ለምን ያዘነብላል?

ባለመነጽሩ፦
ሰላም ናችሁ? ለአስቲግማቲዝም (የዓይን ፊት ጉብታ በሁሉም አቅጣጫ እኩል ባለመሆኑ እይታ ለሚያደበዝዝ ችግር) አዲስ መነጽር ታዘዘልኝ። ፊደል ቁልጭ ብሎ ይታየኛል። ወለሉ ግን ወደ አንድ ጎን ያዘነበለ ይመስላል፤ የበሩ መቃንም ጠመም ብሎብኛል። ደረጃ ስወርድማ እግሬ አየር ይረግጣል። ባለሙያዋ «ዓይንህ ይለምደዋል» ብላ ሸኘችኝ። እንዴት ነው የሚለምደው? ሌንሱ ያው፣ ዓይኔም ያው። እስኪለምድ ቁጭ ልበል ወይስ ልንቀሳቀስ?

ወዲያ_ወዲህ፦
ኧረ ቁጭ እንዳትል! የሚለምደው አንጎልህ ነው፤ የሚለምደውም አንተ ስትንቀሳቀስ ነው። እ.ኤ.አ. በ1963 ሪቻርድ ሄልድና አለን ሃይን ያሳተሙት ሙከራ አለ። የድመት ልጆችን በጨለማ አሳደጉ (ድመት ወዳጆች ይቅር በሉኝ)። ብርሃን የሚያዩት በአንድ መሣሪያ ላይ ሲሆኑ ብቻ ነበር። አንዷ በእግሯ ትዞራለች፤ ሌላዋ በተንጠለጠለ ሣጥን ውስጥ ሆና በእሷ እንቅስቃሴ ትዞራለች። የሚያዩት አንድ ዓይነት ነው። በኋላ አንዱ ጎኑ ገደል በሚመስል መድረክ ላይ ሲፈተኑ፣ የተራመደችው ያንን ጎን ሸሸች፤ ዕቃ ወደ ፊቷ ሲመጣም ዓይኗን ጨፈነች። ተሳፋሪዋ ግን ይህን አላደረገችም። ደግነቱ በብርሃን እንደ ልቧ ስትዘዋወር ተስተካከለች።

እውነቱን_ልናገር፦
መነጽሩ ራሱ ተሳስቶ ቢሆንስ? ሁለት ሳምንት አልፎት ካልተሻለህ ተመልሰህ አስለካ።

ባለመነጽሩ፦
እሺ። ግን ድመት ሌላ፣ ሰው ሌላ አይደለም?

ወዲያ_ወዲህ፦
ልኬቱን ማስፈተሹ ልክ ነው። ሰውም ላይ ተሞክሯል። ዕቃን ወደ ጎን አሽሽቶ በሚያሳይ፣ ፕሪዝም በሚባል መስታወት ውስጥ ሰዎች የገዛ እጃቸውን እንዲያዩ ተደረገ። እጃቸውን ራሳቸው ሲያወዛውዙ ስህተቱን እያረሙ ሄዱ። ሌላ ሲያወዛውዝላቸው ግን እዚህ ግባ የሚባል ለውጥ አልታየም። የሚታየው እጅ ያው እጅ ነው፤ ልዩነቱ ትእዛዙ ከማን ወጣ የሚለው ነው። አንጎል ትእዛዝ ሲሰጥ ቅጂውን ለራሱ ያስቀራል። ከዚያ «ይህን ባደርግ ይህን አያለሁ» ብሎ የጠበቀውን ከመጣው ጋር ያስተያያል። ሲለያይበት ያርማል።

እስቲ አንድ ዓይንህን ጨፍነህ፣ የሌላውን ዳር በዓይንህ ቆብ ላይ በጣትህ ቀስ አድርገህ ነካ አድርገው። አደራ፣ እንዳትጫነው። ክፍሉ ሲንቀሳቀስ ታያለህ። ዓይንህን ራስህ ስታዞር ግን ክፍሉ ንቅንቅ አይልም። ጣትህ ሲገፋው ለዓይንህ ጡንቻ የወጣ ትእዛዝ ስለሌለ፣ አንጎል የተንቀሳቀሰው ክፍሉ ነው ይላል።

ስለዚህ መነጽሩን አድርገህ ተራመድ፣ ዕቃ አንሳ፣ ኳስ ወርውረህ ቅለብ። በአሮጌው መነጽር እያፈራረቅህ አንጎልህን አታምታታው። መኪና መንዳቱ ግን ወለሉ እስኪስተካከልልህ ይቆይ።

ባለመነጽሩ፦
ተባረክ። ደረጃውን ለጊዜው መደገፊያ ይዤ ነው የምወርደው።