ክላርኔት የምትነፉ፣ እባካችሁ አንድ በሉኝ

ሰላም ወገኖች። ግራ ገብቶኛል። ክላርኔት የተማርኩት አዲስ አበባ፣ በፈረንሳዩ የቦኤም የቁልፍ አደራደር ሥርዓት ነው። አሁን ጀርመን ነኝ። ህልሜ ሶሎ መጫወት ነው።

ለማስተርስ መግቢያ ፈተና የሞዛርትን የ1791 (እ.ኤ.አ.) የክላርኔት ኮንቸርቶ አዘዙኝ። እሱ በኤ ክላርኔት ነው የሚነፋው። እኔ ያለኝ ደግሞ ከሱ በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚለው ቢ ፍላት ክላርኔት ብቻ! ኖታውን ወደ ቢ ሜጀር አዛውሬ ሞከርኩት። አምስት ሻርፕ (በግማሽ ድምፅ ከፍ የሚሉ ኖታዎች)! ትንሿ ጣቴ ከቁልፍ ቁልፍ ስትንሸራተት ትውላለች። ዝቅተኛዋ ኖታ ደግሞ ጭራሽ መሣሪያዬ ላይ የለችም። ጎረቤቴም ሰልችቶት ግድግዳ መደብደብ ጀምሯል።

ሌላው ይብሳል። አስተማሪዬ «እዚህ ኦርኬስትራ መግባት ከፈለግክ ወደ ጀርመኑ የኦለር ሥርዓት ቀይር» ይለኛል። የጣት አያያዙ ይለያል፤ አሥር ዓመት የለመድኩትን እንዴት ልርሳ? ሶሎ ለሚጫወት ሰው ይህን ያህል ግዴታ አይመስለኝም። ግን ታዋቂዋ ጀርመናዊት ክላርኔት ነፊ ሳቢነ ማየርም ከበርሊን ፊልሃርሞኒክ ኦርኬስትራ ወጥታ ዓለምን የዞረችው በጀርመኑ ክላርኔት ነው። ስለዚህ መልሼ እጠራጠራለሁ።

ከቦኤም ወደ ኦለር የቀየረ ሰው አለ? ስንት ወር ፈጀባችሁ? ኤ ክላርኔት በኪራይ የሚገኝበትን የምታውቁም ጠቁሙኝ። ፈተናው ሰባት ሳምንት ነው የቀረው።