67 ስርቆት፣ 218 ስትራይክአውት፦ ኤሊ ዴ ላ ክሩዝ የረጅም ዘመን ውል ይገባዋልን?

ጥያቄ አቅራቢ፦

ለክርክር የማቀርበው ጉዳይ የአሜሪካውን የቤዝቦል ክለብ የሲንሲናቲ ሬድስን ሾርትስቶፕ (በሁለተኛና በሦስተኛ ቤዝ መካከል የሚከላከል ተጫዋች) ኤሊ ዴ ላ ክሩዝን የሚመለከት ነው። ይህ ወጣት በ2024 የውድድር ዘመን 67 ቤዝ ሰርቆ (የመቺውን ምት ሳይጠብቅ በሩጫ ወደሚቀጥለው ቤዝ ደርሶ) ከሜጀር ሊግ ተጫዋቾች ሁሉ ቀዳሚ ሆነ፤ 25 ሆም ረንም (ኳሱን ከሜዳው አጥር ያሳለፈ ምት) መታ። በዚያው ዓመት ደግሞ 218 ጊዜ በስትራይክአውት፣ ማለትም ሦስት ስትራይክ (የሳተው ወይም ሊመታው ሲገባ የተወው ኳስ) ተቆጥሮበት በመውጣት በዚህም ከሁሉ ቀደመ፤ በመከላከል በኩል 29 ስህተት ተመዘገበበት። ይህ ሁሉ የሆነው በ22 ዓመቱ ነው። በ2018 ከዶሚኒካን ሪፐብሊክ ሲፈርም የተከፈለው 65,000 ዶላር ብቻ ነበር፤ አሁን ግን በእሱ ደረጃ ያሉ ወጣቶች በመቶ ሚሊዮኖች የሚቆጠር ውል ይፈርማሉ። ታዲያ ገንዘቡ የተመጠነ ክለብ እንዲህ ያለ ተሰጥዖና እንዲህ ያለ ጉድለት በአንድነት የያዘን ተጫዋች ለአሥር ዓመት ያህል በውል ማሰር ይገባዋልን? እኔ ይገባዋል ከሚሉት ወገን ነኝ፤ ሆኖም ምክንያቴን ከማቅረቤ በፊት የተቃዋሚዎችን ጠንካራ መከራከሪያ መስማት እመርጣለሁ።

ቁጥር ተከታይ፦

እኔ አይገባም ባይ ነኝ። በቅድሚያ አንድ ነገር ላጥራ፤ ስትራይክአውትን እንደ ኀጢአት ከሚቆጥሩት አይደለሁም። ሬጂ ጃክሰን በታሪክ ከማንም የሚበልጡ 2,597 ስትራይክአውቶች ይዞ 563 ሆም ረን መትቷል፤ የዝነኞች አዳራሽም ገብቷል። በስትራይክአውት መውጣትና ኳሱን መሬት ለመሬት መትቶ መውጣት በነጥብ ሲሰላ ልዩነታቸው እጅግ ጠባብ ነው። የሚያሳስበኝ ሌላ ነገር ነው፤ ዴ ላ ክሩዝ በ2024 ለመምታት ከቆመባቸው 696 ጊዜያት ውስጥ 31 በመቶ በሚሆኑት ኳሱን ሜዳ ውስጥ ማስገባት ሳይችል ተመልሷል፤ ሜዳ ያልገባ ኳስ ደግሞ ለፈጣን እግሩ ምንም አይጠቅመውም። ትልቁን ተሰጥዖውን የሚያባክንበት ራሱ ጉድለቱ ነው ማለት ነው።

ይህን መንገድ ቀድመው የሄዱበት አሉ። ሀቪየር ባዬዝ በ2018 ከሜጀር ሊግ ሁለት ክፍሎች አንዱ ለሆነው ለናሽናል ሊግ ምርጥ ተጫዋችነት በተሰጠው ድምፅ 2ኛ የወጣ፣ በሾርትስቶፕ ቦታ እጁ የሚያስደንቅ፣ በቤዞች መካከልም ደፋር ሯጭ ነበር። በ2021 በ184 ስትራይክአውት ከናሽናል ሊግ ቀዳሚ ሆነ፤ ያም ሆኖ ዲትሮይት ታይገርስ በዚያው ዓመት መጨረሻ ላይ የ6 ዓመት የ140 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጠው። ከዚያ በኋላ የመምታት አማካዩ በ2022 0.238፣ በ2023 0.222፣ በ2024 0.184 ሆነ። በ2025 ማንሰራራቱንና ለኮከቦች ጨዋታ መመረጡን አልዘነጋሁም። ቢሆንም ክለቡ ገንዘቡን የከፈለው ለሦስት ዓመት ውድቀትና ለአንድ ዓመት ማንሰራራት አልነበረም።

የቀድሞ ተቀባይ፦

ለብዙ ዓመታት በአማተር ደረጃ ከመቺ ኋላ ቁጢጥ ብዬ ኳስ ስቀበል ስለኖርኩ፣ ስትራይክአውትን ከውጤት ሰንጠረዥ ይልቅ ከዚያ ቦታ ሆኜ ማየት ይቀናኛል። በሰዓት 95 ማይል የሚወረወር ኳስ ተቀባዩ ጓንት ለመድረስ የሚፈጅበት ጊዜ ከአንድ ሰከንድ ግማሽ ያንሳል፤ መቺውም ልምታ ወይስ ልተው ብሎ የሚወስነው ከዚያችም ላይ ተቀንሶ በሚቀረው ቅጽበት ነው። ተቀባይ ከቅርብ ሲያይ የመቺውን የፊት ጉልበት ይመለከታል። አንዳንዱ መቺ ኳሱ ገና ከወርዋሪው እጅ ሲወጣ ጉልበቱ አስቀድሞ ወደፊት ሄዷል፤ ስላይደሩ (ወደ ጎን የሚታጠፍ ውርወራ) ወደ ውጭ ቢሸሽበትም መመለስ አይችልም። ሌላው ጉልበቱን ይይዛል፣ ኳሱን ያነባል፣ ይሁን እንጂ ዱላው ዘግይቶ ይደርሳል ወይም ከኳሱ በላይ ያልፋል። ሁለቱም ስትራይክአውት ተብለው ይመዘገባሉ፤ ሕመማቸው ግን የተለያየ ነው።

ለዚህ ነው የባዬዝ ንጽጽር የማያስኬደው። ባዬዝ በሕይወቱ ምርጥ ዘመን በ2018 ያገኘው ዎክ፣ ማለትም መጥፎ ኳሶችን በመተው በነጻ ወደ አንደኛ ቤዝ የሄደበት ጊዜ፣ 29 ብቻ ነበር። ዴ ላ ክሩዝ በዚያ 218 ጊዜ በወጣበት ዓመት 69 ዎክ አግኝቷል። የመጀመሪያው ኳስን መተው የማያውቅ ሰው ነበር፤ ወርዋሪዎች ስትራይክ መወርወር እንደማያስፈልጋቸው ሲረዱ ሁሉም ነገር አበቃ። ሁለተኛው መተውን እየተማረ ነው፤ ያልተማረው ሁለት ስትራይክ ከተቆጠረበት በኋላ ዱላውን ማሳጠርን ነው።

ቁመቱንም አትርሱ። ስትራይክ የሚባለው ክልል የሚለካው በመቺው ጉልበትና ደረት መካከል ስለሆነ፣ 1.96 ሜትር የሚረዝም ሰው ከሌሎች የበለጠ ሰፊ ክልል መጠበቅ አለበት፤ ረጅሙን ክንዱን ወደ ኳሱ ለማምጣትም ተጨማሪ ጊዜ ይፈልጋል። 2.01 ሜትር የሚረዝመው አሮን ጃጅ በ2016 ወደ ሜጀር ሊግ ሲመጣ ዎክ ሳይቆጠር በ84 የመምቻ ተራዎች 42 ጊዜ በስትራይክአውት ወጥቶ አማካዩ 0.179 ነበር። በዚያ ወር ብዙ ሰው ተስፋ ቆርጦበታል። በሚቀጥለው ዓመት 208 ጊዜ ቢወጣም 52 ሆም ረንና 127 ዎክ ይዞ በሙሉ ድምፅ የዓመቱ ጀማሪ ተጫዋች ሆነ።

ቁጥር ተከታይ፦

የዎኩን ነገር እቀበላለሁ፤ ባዬዝን በሚዛን ላይ ያስቀመጥኩት በጥድፊያ ነበር። ጃጅ ግን ለማንም ምሳሌ ሊሆን አይችልም፤ እሱ ኳሱን የሚመታበት ኃይል በዚህ ዘመን ተወዳዳሪ የሌለው ስለሆነ ጉድለቱን ሁሉ ይሸፍንለታል። የዴ ላ ክሩዝ ዋጋ በአብዛኛው የቆመው በእግሩ ላይ ነው፤ ስለ እግሩም በጥንቃቄ ማሰብ ይኖርብናል።

በ2023 ደንቡ ተለውጧል። ቤዞቹ ከ15 ወደ 18 ኢንች ሰፉ፤ ወርዋሪውም ለአንድ መቺ በሚወረውርበት ጊዜ ያለ ቅጣት ሯጩን ለመያዝ የሚሞክረው ሁለት ጊዜ ብቻ እንዲሆን ተገደበ። ውጤቱም በሊጉ በጠቅላላ የተሰረቁት ቤዞች በ2022 ከነበሩበት 2,486 በአንድ ዓመት ወደ 3,503 መድረሳቸው ነው። ስለዚህ 67 የሚለውን ቁጥር በቀድሞው ዘመን ሚዛን ማንበብ ስህተት ነው። ከዚህም ሌላ በዚያው ዓመት ሊሰርቅ ሲሞክር 16 ጊዜ ተይዟል። መያዝ የሚያስከፍለው ዋጋ ስርቆት ከሚያስገኘው ጥቅም እጥፍ ያህል ስለሆነ፣ 67ቱ ስርቆቶች 13 ነጥብ ያህል አስገኝተው 16ቱ መያዞች 6 ነጥብ ያህል ይመልሳሉ። የሚተርፈው ሰባት ነጥብ ገደማ ነው፤ አሥር ነጥብ ለአንድ ድል እንደሚሆን በሚገመትበት ስሌት ይህ ሁሉ ሩጫ አንድ ሙሉ ድል እንኳ አይሞላም። ፍጥነት ደግሞ ከተጫዋች ተሰጥዖዎች ሁሉ ቀድሞ የሚያረጅ ነው።

የሬድስ ደጋፊ፦

ስሌቱን አልነቅፍም፤ የሚያስቀረውን ግን ልናገር። ጁላይ 8 ቀን 2023 በሚልዋኪ በተደረገው ጨዋታ በ7ኛው ኢኒንግ (ዙር) ዴ ላ ክሩዝ ቡድኑን መሪ ያደረገ ምት መትቶ አንደኛ ቤዝ ላይ ቆመ። በመጀመሪያው ውርወራ ሁለተኛን ሰረቀ፤ በሚቀጥለው ውርወራ ሦስተኛን ሰረቀ። ወርዋሪው ኳሱን መልሶ ተቀብሎ፣ ፊቱን አዙሮ፣ በዝግታ ወደ መወርወሪያው ጉብታ ሲራመድ ልጁ ከሦስተኛ ቤዝ ተነስቶ ነጥብ ወደሚቆጠርበት ወደ ሆም በረረ፤ ወርዋሪው ዞሮ ሲያይ ነገሩ አልቆ ነበር። ሁለት ውርወራ፣ ሦስት ቤዝ። እውነት ነው፣ ይህ በሰንጠረዥ ላይ ሲሰፍር ሦስት ስርቆትና አንድ ነጥብ ብቻ ነው። ነገር ግን ከዚያ ቀን ጀምሮ እሱ ቤዝ ላይ በቆመ ቁጥር ወርዋሪው ዓይኑን ለሁለት እንደሚከፍልና በዚያ ጊዜ ዱላ ይዞ የቆመው ሌላው መቺ ምን ያህል እንደሚጠቀም ጨዋታውን በየቀኑ የሚከታተል ሁሉ ያያል።

ዕድሜን በተመለከተ ግን ክለባችን ሁለት ትልልቅ ትምህርቶች አሉት። በ2000 ኬን ግሪፊ ጁኒየር የ9 ዓመት የ116.5 ሚሊዮን ዶላር ውል ይዞ ሲመጣ 30 ዓመቱ ነበር። በመጀመሪያው ዓመት 40 ሆም ረን መታ፤ ከዚያ በኋላ ያሉት ዓመታት ጉዳት በጉዳት ሆኑ። በ2012 ደግሞ ጆይ ቮቶ የ10 ዓመት የ225 ሚሊዮን ዶላር ማራዘሚያ ፈረመ፤ ያኔ ብዙዎች ክለቡን ያጠፋዋል ብለው ነበር። ቮቶ በ2017 ለምርጥ ተጫዋችነት በተሰጠው ድምፅ 2ኛ ወጣ፤ በ2021 በ37 ዓመቱ 36 ሆም ረን መታ። ቮቶን ያቆየው ኳስን የሚለይ ዓይኑ ነው። ስለዚህ በ69ኙ ዎክ ላይ የተነሳው ነጥብ እኔን ከስርቆቱ ይልቅ አሳምኖኛል፤ የምንከፍለው ገንዘብ እግሩ ከደከመ በኋላ በዓይኑ ላይ ያርፋልና።

የሾርትስቶፕ ወዳጅ፦

ስለ 29ኙ ስህተት ማንም አልተናገረም፤ በአጭሩ ልጨምር። ስህተት የሚመዘገብብህ የደረስክበትን ኳስ ስታበላሽ ነው፤ ላልደረስክበት ማንም አይቆጥርብህም። ዴ ላ ክሩዝ ሌሎች በዓይናቸው ብቻ የሚሸኙትን ኳስ ይደርስበታል፤ የሚሸፍነውን ሜዳ ስፋት የሚቆጥሩ ዘመናዊ መለኪያዎችም ያን ዓመት ከአማካይ በላይ አስቀምጠውታል። አብዛኛው ስህተቱ ከችኮላ የሚመጣ መሆኑ ለሚያየው ግልጽ ነው፤ ክንዱ እጅግ ጠንካራ ስለሆነ እግሩን ሳያስተካክል ይወረውራል። ይህ ደግሞ በልምምድ የሚታረም ነው። የካንሳስ ሲቲው ቦቢ ዊት ጁኒየር በ2022 በጀማሪነቱ በመከላከል ከደካሞቹ ሾርትስቶፖች አንዱ ነበር፤ ቤዝ ላይ የሚደርስበት መጠንም 0.294 ብቻ ነበር። ሮያልስ፣ እነሱም ገንዘባቸው የተመጠነ ክለብ ናቸው፣ በፌብሩዋሪ 2024 የ11 ዓመት የ288.7 ሚሊዮን ዶላር ውል ሰጡት። በዚያው ዓመት በ0.332 የአሜሪካን ሊግ ቀዳሚ መቺ ሆነ፤ ለምርጥ ተከላካይ የሚሰጠውን የወርቅ ጓንትም ተሸለመ። አንድ ዓመት ቢዘገዩ ኖሮ ዋጋው ምን ይሆን እንደነበር አስቡት።

ቁጥር ተከታይ፦

ዊት ግን በ2024 በስትራይክአውት የወጣው 106 ጊዜ ነው፤ የዴ ላ ክሩዝን ግማሽ እንኳ አይሞላም። እሱ ኳሱን ይነካል።

ጥያቄ አቅራቢ፦

እንግዲህ የእኔን ምክንያት ላቅርብ። ወጣት ተጫዋች ኳሱን መንካት ሊማር ይችላልን የሚለው ጥያቄ የክርክሩ እምብርት ይመስለኛል፤ ለዚህም ከጃጅ የተሻለ ምሳሌ አለ። የአትላንታው ሮናልድ አኩኛ ጁኒየር በ2019፣ በ21 ዓመቱ፣ 188 ጊዜ በስትራይክአውት ወጥቶ በናሽናል ሊግ ብዙ ጊዜ ከወጡት አንዱ ነበር። በ2023 ይህን ወደ 84 አወረደው፤ 41 ሆም ረን መትቶ፣ 73 ቤዝ ሰርቆ በሙሉ ድምፅ የሊጉ ምርጥ ተጫዋች ሆነ። አትላንታ ያሰረው በ2019 ጸደይ፣ ገና አንድ ዓመት ሳይሞላው፣ በ8 ዓመትና በ100 ሚሊዮን ዶላር ነው። ያ ዋጋ ሊገኝ የቻለው ጉድለቱ ገና ለሁሉ በሚታይበት ጊዜ ስለተደራደሩ ነው።

ተቃዋሚዬ ሊያነሳ የሚችለውን እኔው አስቀድሜ ላንሳ፤ የአኩኛ ጉልበት በ2021 እና በ2024 ሁለት ጊዜ ተጎድቷል። በመሮጥ የሚኖር ተጫዋች አደጋው ከእሱ ጋር ይሮጣል። ለዚህ ነው ውሉ መፈረም አለበት ስል ለስርቆቱ እንዳይከፈል የምለው፤ ዋጋው የሚተመነው በዎኩ፣ በኃይሉና በሾርትስቶፕነቱ ሆኖ ስርቆቱ እንደ ምርቃት ይቆጠር።

አንድ ጉድለት ግን ለእኔም መልስ አላገኘሁለትም። ዴ ላ ክሩዝ በሁለቱም በኩል ቆሞ የሚመታ ነው፤ በቀኝ ሲቆም ግን ከግራው በእጅጉ ይደክማል፤ በግራ እጃቸው የሚወረውሩ ወርዋሪዎች ሲመጡበት ሌላ ሰው የቆመ ይመስላል።

የቀድሞ ተቀባይ፦

ይህ ከስትራይክአውቱ ቁጥር የበለጠ የሚያሳስበኝ ነው። በቀኝ ሲቆም የፊት እግሩ ቀድሞ ይከፈታል፤ ስላይደር ወደ ውስጥ ሲገባበት ሰውነቱ ቀድሞ ስለዞረ የሚቀረው ክንዱ ብቻ ነው። ቀኙን ጨርሶ ትቶ በግራ ብቻ ይምታ የሚሉ አሉ፤ እኔ ግን በ22 እና በ23 ዓመት እንዲህ ያለ ውሳኔ መቸኮል ነው እላለሁ። ከፊርማው በፊት ክለቡን አንድ ነገር ብቻ ብጠይቅ ኖሮ በክረምቱ በቀኝ በኩል ስንት ሺህ ኳስ እንደሚመታ፣ ማንስ ቆሞ እንደሚያየው እጠይቅ ነበር።

ቁጥር ተከታይ፦

እኔም ሐሳቤን በአንድ በኩል ላስተካክል። በአኩኛው ዓይነት ዋጋና ዘመን ከሆነ እፈርማለሁ። በዊት ዋጋ ከሆነ ግን የስትራይክአውቱ ድርሻ ከ31 በመቶ ወደ 25 ገደማ ሲወርድ አንድ ሙሉ የውድድር ዘመን ማየት እፈልጋለሁ፤ ያን ካየሁ በኋላ ዋጋው ከፍ ቢል እንኳ ልዩነቱን ከፍሎ እርግጠኛ መሆን ይሻለኛል።

የሬድስ ደጋፊ፦

ያን ካዩ በኋላ እኮ ባለጸጎቹ የኒውዮርክም የሎስ አንጀለስም ክለቦች ያዩታል።