በቤት ለሚሠራ የእባብ መደርደሪያ የዕቃና የአገልግሎት ጥቆማ፦ ለዲሲ፣ ለሜሪላንድና ለቨርጂኒያ ነዋሪዎች

ይህ ጥቆማ ቦል ፓይተን ወይም ኮርን ስኔክ ለሚያሳድጉ፣ የእባቦቻቸው ቁጥር ከአንድ አልፎ ለየአንዳንዳቸው የመስታወት ቤት ማስቀመጫ ቦታ ለጠበባቸው ወገኖች የተጻፈ ነው። መደርደሪያው ክዳን የሌላቸው የፕላስቲክ ሣጥኖች እንደ መሳቢያ ገብተው የሚወጡበት ቁም ሣጥን ሲሆን፣ ከላይ ያለው መደብ ከሥሩ ላለው ሣጥን ክዳን ሆኖ ያገለግላል፤ ከሣጥኖቹ ሥር፣ በኋላ በኩል ደግሞ የማሞቂያ ቴፕ፣ ማለትም በኤሌክትሪክ የሚሞቅ ስስ ጥብጣብ፣ ይዘረጋበታል። ወጪ መቀነስ የሚፈልግ ሰው ከእንጨቱ ላይ ይቀንስ፤ ከሙቀት መቆጣጠሪያው ላይ ግን አንድም ዶላር እንዲቀንስ አልመክርም።

ሥራው የሚጀመረው ሣጥኑን በመግዛት ነው። ብዙ ሰው እንጨቱን አስቆርጦ ከጨረሰ በኋላ ሣጥን ፍለጋ ይወጣል፤ ያሰበውን መጠን ስለማያገኝም የተቆረጠው እንጨት ሁሉ ከንቱ ይሆናል። በታርጌትና በዋልማርት የሚሸጠው የስተርላይት ምርት ዋጋው ዝቅተኛ ነው፤ 6 ኳርት የሚይዘው ለጫጩት፣ 28 ወይም 32 ኳርት የሚይዘው በማደግ ላይ ላለ፣ ከአልጋ ሥር እንዲገባ ታስቦ የተሠራው 41 ኳርት ደግሞ ለደረሰ ቦል ፓይተን ብዙዎች የሚጠቀሙባቸው ናቸው። ጉድለቱ ግድግዳው ስስ መሆኑና ፋብሪካው ቅርጹን በየጊዜው መለወጡ ስለሆነ፣ መለዋወጫ የሚሆኑ ሁለት ሦስት ተጨማሪ ሣጥኖችን በአንድ ጊዜ መግዛት ይገባል። በኮሌጅ ፓርክና በዉድብሪጅ ባሉት የአይኪያ መደብሮች የሚገኘው ሳምላ የተባለ ሣጥን ጥራቱ ጥሩ ነው፤ ነገር ግን ግድግዳው ወደ ታች እየጠበበ ስለሚሄድ እባቡ የሚተኛበት ወለል ከአፉ ያንሳል። እኔ ለመደርደሪያ አልመርጠውም። ቪዥን የተባለው ኩባንያ ለእባብ ብሎ የሚያመርተው ሣጥን ከሁለቱም ይወፍራል፣ አይጣመምም፣ ዋጋው ግን ከፍ ያለ ነው፤ ለደረሱና ጉልበት ላላቸው እባቦች ልዩነቱን መክፈል ተገቢ ነው እላለሁ።

እንጨቱን በተመለከተ ሆም ዲፖም ሆነ ሎውስ 4 በ8 ጫማ የሆነ፣ 3/4 ኢንች ውፍረት ያለው የሜላሚን ሰሌዳ ይሸጣሉ። ሜላሚን ነጭና ልሙጥ ስለሆነ በእርጥብ ጨርቅ ይጸዳል፤ ይሁን እንጂ አንዱ ሰሌዳ ከ40 ኪሎ ግራም በላይ ይመዝናል፣ ውስጡ የተጨመቀ የእንጨት ፍቅፋቂ ስለሆነም የተቆረጠው ጠርዝ ውኃ ከነካው ያብጣል። ስለዚህ ጠርዙ ሁሉ በሲሊኮን መታሸግ አለበት፤ ሲሊኮኑም ሽታው ፈጽሞ እስኪጠፋ ድረስ እባብ አይገባበትም። ኮምፔንሳቶ ቀለል ይላል፣ ብሎንም አጥብቆ ይይዛል፤ ውኃ እንዳይገባው ግን ደጋግሞ ቫርኒሽ መቀባትና ለብዙ ቀናት ማናፈስ ይፈልጋል። ጽድ መሰል መዓዛ ያለው የሴዳር እንጨት ለእባብ ጎጂ ስለሆነ ለመደርደሪያም ሆነ ለምንጣፍ አይሆንም።

ሁለቱም መደብሮች ሰሌዳውን ይቆርጣሉ፤ የትኛውን ዓይነት እንደሚቆርጡና ስንት ቁራጭ ያለ ክፍያ እንደሚሰጡ ግን ከቅርንጫፍ ቅርንጫፍ ስለሚለያይ ደውሎ መጠየቅ ጊዜ ይቆጥባል። የመደብሩ መጋዝ ሰሌዳው መኪና ውስጥ እንዲገባ ለማሳነስ በቂ ነው፤ ትክክለኛ ልኬት ግን አይጠበቅበትም። የእባብ መደርደሪያ ደግሞ የሚሊ ሜትር ሥራ ነው፦ በሣጥኑ ከንፈርና በላይኛው መደብ መካከል ከ3 ሚሊ ሜትር የበለጠ ክፍተት ካለ የእባብ ጫጩት ያመልጣል፤ ምክንያቱም ጭንቅላቱ ያለፈበት ቀዳዳ ሁሉ ሰውነቱን ያሳልፋል። በዚህ ምክንያት የጎንና የመደብ ሰሌዳዎቹን የኩሽና ቁም ሣጥን ለሚሠራ የእንጨት ባለሙያ ወስዶ ማስቆረጥን ከመደብር አስበልጣለሁ። መደቦቹ እኩል ስፋት ይዘው ይወጣሉ፣ የመጋዙም ስለት የሚበላው 1/8 ኢንች በሒሳቡ ውስጥ ይገባል። ሲገጣጠምም ከሜትር ይልቅ ሣጥኑን ራሱን መለኪያ ማድረግ ይሻላል፤ ሣጥኑ በታችኛው መደብ ላይ ተቀምጦ፣ ከንፈሩ ላይ ስስ ካርቶን ተደርጎ፣ የላይኛው መደብ በዚያው ላይ አርፎ ብሎኑ ይታሰራል፤ ካርቶኑ ሲወጣ ሣጥኑ ያለ ችግር ይንሸራተታል። የአየር ቀዳዳዎቹ ከውስጥ ወደ ውጭ ቢበሱ ሹል ጠርዙ ውጭ ስለሚቀር የእባቡን ቆዳ አይቧጭርም።

አሁን ወደ ዋናው ጉዳይ እንመጣለን። የማሞቂያ ቴፕ በጫማ እየተለካ ይሸጣል፤ 3 ኢንች ስፋት ያለው ለትናንሽ ሣጥኖች፣ 11 ኢንች የሆነው ለትላልቆቹ ይውላል፤ ከሣጥኑ ወለልም ከሲሶው በላይ መሸፈን የለበትም፤ እባቡ ሲሞቀው የሚሸሽበት ቀዝቃዛ ወገን ያስፈልገዋልና። ሽቦውን ማያያዝ ለማያውቅ ሰው፣ ሪፕታይል ቤዚክስን የመሳሰሉ ሻጮች ሽቦው የተገጠመለትን ቴፕ በታዘዘው ርዝመት ስለሚልኩ፣ ለዚያ የሚጠየቀውን ጭማሪ ያለ ማንገራገር መክፈል ይሻላል።

ቴፑ ያለ ቴርሞስታት (የሙቀት መቆጣጠሪያ) በቀጥታ ከኤሌክትሪክ ጋር ከተገናኘ የእባቡን ሆድ ያቃጥላል፣ ለቤቱም አደጋ ነው። የመብራት ማደብዘዣም ቴርሞስታትን አይተካም፤ የክፍሉ ሙቀት ሲለዋወጥ አብሮ አይስተካከልምና። ከቴርሞስታቶቹ መካከል ኢንክበርድ ርካሹ ነው፤ ኃይሉን ሙሉ በሙሉ እየከፈተና እየዘጋ ይሠራል፣ ሙቀቱ ሲያልፍም የሚጮህ ማስጠንቀቂያ አለው። ለአንድና ለሁለት ሣጥን ሊበቃ ይችላል፤ ሆኖም ማብሪያው ተከፍቶ እንደ ተያዘ ከቀረ ቴፑን የሚያስቆመው ነገር የለም። የስፓይደር ሮቦቲክስ ምርት የሆነው ኸርፕስታት ኃይሉን ቀስ በቀስ እያሳደገና እየቀነሰ ሙቀቱን ከሞላ ጎደል በአንድ ደረጃ ያቆየዋል፤ ብልሽት ሲፈጠርም ኃይሉን የሚቆርጥ መከላከያ አለው። ዋጋው ከኢንክበርድ በእጥፍ ሳይሆን በብዙ እጥፍ ይበልጣል፤ እኔ ግን እንስሳት ለሚኖሩበትና ሌሊቱን ሙሉ ቤተሰብ አጠገቡ ለሚተኛበት መደርደሪያ ከእርሱ በታች ያለውን አልመክርም።

የቴርሞስታቱ መለኪያ ጫፍ ከሣጥኑ ውስጥ ሳይሆን ቴፑ ላይ ተጣብቆ ከሣጥኑ ሥር መሆን አለበት። ውስጥ ከተቀመጠ እባቡ ሊያፈናቅለው ወይም ሊያረጥበው ይችላል፤ መሣሪያውም ቦታው የቀዘቀዘ መስሎት ያለ ልክ ያሞቃል። የሚፈለገው የሞቃቱ ወለል ለቦል ፓይተን ከ31 እስከ 32 ዲግሪ ሴልሺየስ፣ የቀዝቃዛው ወገን ከ25 እስከ 27 ነው፤ ኮርን ስኔክ ከዚህ በመጠኑ ዝቅ ያለ ይበቃዋል። ሙቀት ወደ ላይ ስለሚወጣ የላይኛውና የታችኛው መደብ አይመሳሰሉምና፣ በኢንፍራሬድ መለኪያ እያንዳንዱን ሣጥን ለየብቻ መፈተሽ ግድ ነው።

መሥራት ለማይችል ሰው ፍሪደም ብሪደርና ኤ አር ኤስ የተባሉት ኩባንያዎች የሚሠሯቸው መደርደሪያዎች አሉ፤ ሣጥናቸው ልክክ ብሎ ይገባል፣ ይሁን እንጂ የማጓጓዣው ሒሳብ ከባድ ነው። በፔንስልቬንያ ሃምበርግ የሚካሄደው የተሳቢ እንስሳት ትርኢት ዕቃውን በዓይን አይቶና በእጅ ዳስሶ ለመምረጥ ይመቻል። በፌስቡክ ገበያ የሚቀርበው ያገለገለ የእንጨት መደርደሪያ ዋጋው ቢማርክም፣ ማይት የሚባለው ጥቃቅን የእባብ ተባይ በስንጥቆቹ ውስጥ ተደብቆ ሊመጣ ስለሚችል እኔ አልገዛውም፤ የብረት ወይም የፕላስቲክ ከሆነ ግን ቴፑን አውልቆ ጥሎ፣ አጥቦና በፀረ ተባይ አክሞ መጠቀም ይቻላል።

የደረሰ ቦል ፓይተን ከ90 እስከ 150 ሴንቲ ሜትር ይረዝማል፤ 41 ኳርት የሚይዘው ሣጥን ርዝመት ደግሞ 90 ሴንቲ ሜትር ገደማ ነው። ስለዚህ መደርደሪያውን ለጫጩቶች፣ ለአዲስ ገቢዎች ማቆያና ጠባብ መሸሸጊያ ለሚወዱ ትናንሽ እባቦች እመርጠዋለሁ፤ ለረጅሞቹ 4 ጫማ ርዝመት ያለው ቤት ይዘጋጅላቸው። በማንኛውም መንገድ የተሠራ መደርደሪያ እባብ ሳይገባበት ቢያንስ አንድ ሳምንት ሙሉ ኃይሉ ተከፍቶ፣ ሣጥኖቹ ምንጣፍና የውኃ ሳህን ይዘው፣ ሙቀቱ ጧትና ማታ እየተመዘገበ ይሞከር።