የእናቴ መስሚያ መሣሪያ ይስተካከል ወይስ ይቀየር?

እናቴ 71 ዓመቷ ነው። ከ2009 ዓ.ም. ጀምሮ በሁለቱም ጆሮዎቿ ከጆሮ ጀርባ የሚደረገውን መስሚያ ትጠቀማለች፤ ባለ 13 ቁጥር ባትሪውን። ቤት ውስጥ ሁለታችን ስናወራ ደህና ትሰማለች። ሰው ሲበዛ ግን፣ በተለይ ለቅሶ ቤትና ማኅበር ላይ፣ ንግግሩ ይደበላለቅባታል። አሁን አሁን ዝም ብላ መቀመጥ ጀምራለች፤ በጣም ያሳሰበኝ ይሄ ነው።

የጆሮዋ ኩክ ተጠርጓል፣ የመስሚያውን ቱቦ አስቀይሬያለሁ፣ ባትሪውም አዲስ ነው። ለውጥ የለም። በቅርቡ ስትመረመር መስማቷ ከድሮው ትንሽ ቀንሷል፣ ቀጫጭን ድምፆች ላይ።

አንዱ ባለሙያ «በአዲሱ ውጤት በኮምፒውተር እናስተካክለው» ይላል። ሌላው «አርጅቷል፣ በቻርጅ የሚሠራ ግዙ» ይላል። አዲሱ ውድ ነው፤ መብራት በሚጠፋበት ሰፈራችን ቻርጁም ያሰጋኛል።

እንዲህ የገጠማችሁ፣ አሮጌውን ማስተካከሉ ሰው በበዛበት ቦታ ለውጥ አመጣ ወይስ መጨረሻው መቀየር ሆነ?