ስሜን ላይ ሦስት ሌሊት፤ ሆዳችን ሳይበላሽ እንዴት እንመለስ?

የቸቸላ ልጅ፦

ሰላም ጎንደሮች። ጥቅምት ላይ ከጓደኞቼ ጋር ስሜን ተራራ ልንወጣ ነው። ስድስት ነን፣ አራት ወንድ ሁለት ሴት። ሳንቃበር ካምፕ አንድ ሌሊት፣ ግጭ ካምፕ አንድ ሌሊት፣ ጨነቅ ካምፕ አንድ ሌሊት። ጊዜ ከተረፈን ደግሞ በመጨረሻ ጣና ዳር ጎርጎራ ወርደን እንዋኛለን።

አምናም ሄደን ነበር። ሁለተኛው ሌሊት ላይ ሦስታችን ሆዳችን ተበላሸ። ውጭው ውርጭ ነው፣ ጨለማ ነው፣ ባትሪ ያለው አንድ ሰው ብቻ ነው፣ እሱም ተኝቷል፣ እኛ የድንኳኑን ዚፕ እየከፈትን መሮጥ ብቻ። አንዱ ጓደኛችን የምንጩ ውሃ ነው ይላል፣ ሌላው ደባርቅ የበላነው ጥብስ ነው ይላል፣ እስከ ዛሬ አልተስማሙም። ስንመለስ ደግሞ ሦስት ቀን ሳንታጠብ ስለነበር ሚኒባሱ ውስጥ መስኮት ክፈቱ ያላለ ሰው የለም። ረዳቱ ራሱ ብሏል።

ሁለት ነገር ንገሩኝ። በዚያ ብርድ ገላውን የሚታጠብ ሰው አለ? ሁለተኛ፣ ለስድስት ሰው ለአራት ቀን የሚሆን ሃይላንድ መሸከም አይቻልም፤ የምንጩን ውሃ ምን እናድርገው? እናቴ ነጭ ሽንኩርትና ፌጦ ያዝ ብላኛለች። ይዣለሁ።

ጨነቅ ያደረ፦

የቸቸላው፣ ገላህን ለጊዜው እርሳው። እኔ ከቱሪስት ጋር ኩክ ሆኜ ብዙ ዓመት ወጥቻለሁ። ባለመታጠብ የታመመ ሰው አላየሁም። እጁን ባለመታጠብ የታመመ ግን ስንቱን!

እስኪ አስበው። ቀኑን ሙሉ ዱላ ጨብጠሃል፣ በቅሎ ስባችኋል፣ የድንኳን ካስማ መትታችኋል፣ ጫካ ገብተህ ወጥተሃል። ማታ ስድስታችሁም አንድ ትሪ ላይ ትቀመጣላችሁ። አንድ ያልታጠበ እጅ ካለ የሁላችሁም እጅ ነው። ቤት ቢሆን አንዱ ተነስቶ ያስታጥባችኋል። ካምፕ ላይ ግን ብርድ ነው፣ ረሃብ ነው፣ ሁሉም «እሺ እሺ» ብሎ እንጀራውን ይቆርሳል።

መላው ቀላል ነው። የሃይላንድ ክዳን በጋለ መርፌ ሦስት አራት ቦታ ብሳ። ጠርሙሱን ሞልተህ ቁልቁል አድርገህ ድንኳኑ በር ላይ በሲባጎ አንጠልጥለው። ጨመቅ ስታደርገው እንደ ቧንቧ ይወርዳል። አንድ ሃይላንድ ስድስቱንም ያስታጥባል። ሳሙናውን አሮጌ የሴት ስቶኪንግ ውስጥ ከተህ ቋጥረህ አጠገቡ ስቀል፤ መሬት አይወድቅም፣ ሳሩ ላይ አይጠፋም፣ ስታሸው አረፋው በስቶኪንጉ ይወጣል። ማታ ትሪው ከመቅረቡ በፊት አንድ ሰው ቆሞ ያስታጥብ፣ በተራ።

ገላህን ካልክ ደግሞ በስድስት ሰዓት ፀሐይ፣ ነፋስ የማይመታው ድንጋይ ጥግ ይዘህ አንድ ጆግ ለብ ያለ ውሃና ትንሽ ፎጣ ይበቃሃል። ብብት፣ እግር፣ የቀረውን ታውቀዋለህ። ከምንጩ ራቅ ብለህ። ማታ እንዳትሞክረው፣ ጥቅምት ሌሊት ላይ ውሃ በረዶ የሚሠራበት ቦታ ነው። የመኝታ ካልሲ ለብቻው ያዝ፣ በእሱ አትሂድበት። ቀን የተጓዝክበትን ካልሲ እንዳደረግህ ስሊፒንግ ባግ ከገባህ እግርህ እስኪነጋ አይሞቅም፣ በማግስቱም ውሃ ይቋጥራል።

ሲስተር ማራኪ፦

ኩኩ ያለው ሁሉ ልክ ነው። እኔ ነርስ ነኝ፣ በውሃው ላይ ልጨምር።

አፍሉት። ውሃው ፍንድቅድቅ ብሎ ከፈላ በኋላ 3 ደቂቃ ይቆይ። ከባሕር ጠለል በላይ ከ2000 ሜትር ከፍ ያለ ቦታ 3 ደቂቃ ነው የሚባለው፣ ጎንደር ራሷም ከዚያ በላይ ናት። ግጭና ጨነቅ ወደ 3600 ሜትር ይጠጋሉ። እዚያ ውሃ 100 ዲግሪ አይደርስም፣ 88 አካባቢ ላይ ይፈላል። ምስራችሁ አልበስል ያለው ለዚህ ነው፣ ኩኩ ሰንፎ አይደለም። ተሕዋሲያኑን ለመግደል ግን ይበቃል። ጥቢ ላይ ምንጩ ድፍርስ ከሆነ አስቀድማችሁ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉት፣ ከዚያ አፍሉ። ማታ የፈላውን ጠዋት ትጠጡታላችሁ።

ውሃ አጋር፣ ማለትም የውሃ ማከሚያውን ክሎሪን፣ መጠቀምም ይቻላል፣ መጠኑ ጠርሙሱ ላይ ተጽፏል፣ 30 ደቂቃ መጠበቅ ግዴታ ነው። ቢሆንም ክሎሪን ጃርዲያንና አሜባን በቶሎ አይገድልም፤ ማገዶ ወይ ጋዝ ካላችሁ ማፍላቱ ይበልጣል። ሳኒታይዘርም እንደዚያው ነው። ቆሻሻና ቅባት ያለበት እጅ ላይ ብዙ አይሠራም፣ ሳሙናን አይተካም።

ኦአርኤስ ያዙ፣ ለተቅማጥ በውሃ የሚበጠበጠውን ዱቄት። አንዱ ፓኬት በአንድ ሊትር ነው። ካለቀባችሁ በአንድ ሊትር የፈላ ውሃ 6 የሻይ ማንኪያ ስኳርና ግማሽ የሻይ ማንኪያ ጨው፣ ማንኪያው ልሙጥ ይሁን፣ ቁልል አይደለም። ሰገራው ደም ካለው፣ ትኩሳት ካለ፣ ውሃ እንኳ ሆዱ ካልረጋለት፣ ይዛችሁት ውረዱ። በራሳችሁ ከፋርማሲ ሲፕሮ የሚባለውን አንቲባዮቲክ ገዝታችሁ በጠዋት አንድ በማታ አንድ ማለት ይቅር።

አንድ ነገር ደግሞ ልብ በሉ። ግጭ ላይ ያስመለሰ ሰው ሁሉ ምግብ ተመርዞ አይደለም። ራስ ምታት፣ ማቅለሽለሽ፣ የምግብ ፍላጎት ማጣት፣ እንቅልፍ ማጣት፣ ይሄ የከፍታ ሕመም ሊሆን ይችላል። ጠዋት ከጎንደር ተነስታችሁ ማታ ሳንቃበር 3250 ሜትር ላይ ስታድሩ ሰውነት አልለመደውም። የታመመው ሳይሻለው ሽቅብ አይውጣ። እንደ ሰካራም ከተንገዳገደ፣ ከቀባዠረ ወይም ቁጭ ብሎ ትንፋሽ ካጠረው በሌሊትም ቢሆን ዝቅ ወዳለ ቦታ አውርዱት። ጠላውንና ካቲካላውን ለመመለሻው አቆዩት።

አምና የታመማችሁት ተቅማጥ ነበር ወይስ ማስመለስ ብቻ?

የቸቸላ ልጅ፦

ሁለታችን ተቅማጥ። ሦስተኛው ራሱን እየያዘ ማስመለስ ብቻ። እና ለእሱ ነበር ብዙ ነጭ ሽንኩርት ያበላነው 😅

የዳባት ገብስ፦

እኔ ግን አይገባኝም። የዳባት ልጅ ነኝ፣ ከምንጭ በእፍኜ ጠጥቼ ነው ያደግሁት፣ ምንም አልሆንኩም። ከተማ ገብታችሁ ሆዳችሁ ሰለለ እንጂ ውሃው ምንም የለበትም።

ሲስተር ማራኪ፦

ወንድሜ፣ አንተ አልታመምክም ይሆናል። በልጅነት ስንቴ ሆድህን እንደቆረጠህ ግን እናትህን ጠይቃት። ከምንጩ በላይ የቆመውን በቅሎ ማንም አይቆጥረውም።

አደይ፦

ስለ ሴቶቹ ማንም አላነሳም፣ እኔ ላንሳ። ሁለት ሴት አሉ አይደል?

ሽንት ቤት ያለበት ካምፕ ላይ ተጠቀሙ፣ ቢያስጠላም። መንገድ ላይ ግን መውጣት አይቀርም። ከውሃ 70 እርምጃ፣ ቢቻል ከዚያም ራቁ። ትንሽ አካፋ ወይ ዶማ ይዛችሁ አንድ ስንዝር ቆፍራችሁ መልሳችሁ ድፈኑት። ሶፍቱን አትቅበሩት፣ ዝናብ ወይ እንስሳ ያወጣዋል፤ በፌስታል ይዛችሁት ውረዱ። ሞዴስም እንደዚያው፣ ጥቁር ፌስታል፣ በላዩ ሌላ ፌስታል። ወር አበባ ቀኑ ባይሆንም ያዙ፣ ብርዱና ድካሙ ቀን ያዛባል። እኔ ላይ ደርሷል፣ ከዚያ በኋላ የጠፋብኝን ካልሲ ማንም አልጠየቀኝም።

ጋቢ ከሁሉም ይበልጣል። ማታ ይለበሳል፣ ቀን አንዷ ዘርግታ ስትይዝ ሌላዋ ልብስ ትቀይራለች። ደግሞ እባካችሁ፣ ሌሊት ሽንት እንዳይመጣ ብላችሁ ውሃ መጠጣት አታቁሙ። ከፍታውም ድርቀቱም ተደምሮ ራስ ምታቱን ያብሳል፣ ሽንት መቋጠሩ ደግሞ ለሴት ሌላ ጣጣ አለው።

ጋሼ ሾፌሩ፦

ልጆቼ፣ እኔ መንገዱን ከአዘዞ እስከ ደባርቅ አውቀዋለሁ። ወደ 100 ኪሎ ሜትር ነው። መንገዱ ሰላም መሆኑን በዋዜማው ጠይቁ፣ ይሄን ለእናንተ መንገር የለብኝም።

ምግብ ከቤት ያዙ። ቆሎ፣ ዳቦ ቆሎ፣ በሶ፣ ድርቆሽ። ቋንጣውን ፌስታል ውስጥ አትክተቱት፣ ይሻግታል፤ በጨርቅ ይሁን። ደባርቅ ላይ ከበላችሁ ደኅና የበሰለ፣ ከምጣድ ትኩሱን። ክትፎውና ጥሬው ስትመለሱ ይደርሳል፣ ኮሶ ይዞ ተራራ መውጣት ጥሩ አይደለም።

አንድ ቀን ያየሁትን ልንገራችሁ። ልጆች ናቸው፣ እንደናንተ። ብርዱ በዛና የከሰል ማንደጃውን ድንኳን ውስጥ አስገቡት፣ ጢስ የለውም ብለው። ጠዋት ስቀሰቅሳቸው አንዱ አይነሳም። ጎትተን አወጣነው፣ አየር ሲያገኝ ነፍስ ዘራ። ከሰል ጢስ የለውም፣ ግን ይገድላል። ማንደጃ ድንኳን ውስጥ አይግባ፣ መኪና ውስጥም አይግባ፣ በሩን ገርበብ አርገንዋል አይባልም። ከበረዳችሁ ውሃ አፍሉና በብረት ኮዳ አድርጋችሁ፣ በካልሲ ጠቅልላችሁ፣ እግራችሁ ሥር አድርጉት። ሃይላንድ ላይ የፈላ ውሃ አትጨምሩ፣ ይኮማተርና ፍራሽ ላይ ይዘረገፋል።

የቸቸላ ልጅ፦

ጋሼ፣ እግዜር ይስጥልኝ። እርስዎ ጎርጎራንም ያውቁታል፣ መዋኘቱስ?

ጋሼ ሾፌሩ፦

ልጄ፣ እኔ ዳር ቆሜ ዓሣ እበላለሁ። ለመዋኛው ሲስተርን ጠይቃት።

ሲስተር ማራኪ፦

ጣና ዳር ቢልሃርዚያ አለ፣ ጎርጎራ አካባቢም ይገኛል። ተውሳኩ የሚራባው ዳር ዳር ሣሩ ውስጥ ባሉ ቀንድ አውጣዎች ነው፣ ውሃው ውስጥ በቆዳ ይገባል። ጀልባ ተሳፈሩ፣ ዓሣ ብሉ፣ አትዋኙ። ጎርጎራ ያለችበት ደንቢያ ደግሞ ከዝናብ በኋላ ወባ የሚበዛበት ሜዳማ ቦታ ነው። ስሜን ላይ ወባ አትፈሩም፣ ጎርጎራ ካደራችሁ ግን አጎበር፣ ማታ ረጅም እጅጌ። ከተመለሳችሁ በኋላ በሁለት ሦስት ሳምንት ትኩሳት ከያዛችሁ «ብርዱ ነው» ሳትሉ ተመርመሩ።

የቸቸላ ልጅ፦

እሺ። ጎርጎራ ላይ ዓሣ ብቻ። ዛሬ ቅዳሜ ገበያ ወርጄ ሁለት ጀሪካን፣ ትንሽ ዶማ፣ ኦአርኤስ 10 ፓኬት፣ ላጤ ሳሙና ገዛሁ። ስቶኪንግ ከእህቴ ሰረቅሁ። ክዳኑን ስበሳ አውራ ጣቴን አቃጠልኩ፣ ግን ይሠራል፣ በረንዳ ላይ ሰቅየዋለሁ።

የአምናዎቹን ሁለቱን ጠየቅኋቸው፤ ግጭ ላይ ትሪው ሲቀርብ እጁን የታጠበ ማን ነበር? ዝም። ያ የምንጩ ውሃ ነው የሚለው ልጅ አሁን ልክ ነኝ አለ። ያኛው ግን አሁንም ጥብሱ ነው ይላል።