ልጄ የተዋስነውን መጽሐፍ ቀደደችው፣ ነገ ይመለሳል! እርዱኝ

የኪኪ እናት፦ እባካችሁ ቶሎ። ልጄ ዳውን ሲንድረም አለባት። ከመዋዕለ ሕፃናት የተዋስነውን መጽሐፍ አሁን ገና ለሁለት ከፈለችው፣ ዶሮዋ ያለችበትን ገጽ። በምን ልለጥፈው? ሁሌም ትቀድዳለች፣ ታኝካለች። መጽሐፍ ማሳየቱን ልተወው?

ብሩክ፦ ስኮች።

ጋሽ ታዛቢ፦ በእኛ ጊዜ መጽሐፍ በሁለት እጅ ነበር የሚያዘው። የዛሬ ወላጅ ሥርዓት አያስተምርም። መጀመሪያ ነገር...

ማሚ፦ ጋሼ፣ መሽቷል፣ ንግግሩን ነገ ያድርጉት። እህቴ፣ ዕድሜዋ ስንት ነው?

የኪኪ እናት፦ ይቅርታ፣ ረሳሁት። 3 ዓመት ከ4 ወር።

ዘሪሁን፦ ፊደል ሳትለይ መጽሐፍ ምን ያደርግላታል? ቲቪ ክፈቺላት።

የኪኪ እናት፦ ወንድሜ፣ ዶሮዋን ስታይ "ቆ ቆ" ትላለች። ሌላ ቃል የላትም። እሱንም ያገኘችው ከዚህ መጽሐፍ ነው።

የመንታ አባት፦ የእኔ ልጅ ምንም የለበትም፣ ግን የመኪናዬን ሊብሬ በልቷል። ትራፊክ ሲያስቆመኝ ልጁን ነው የማሳየው።

የእዮብ እናት፦ የእኔም ልጅ ዳውን አለው፣ 7 ዓመቱ ነው። ተንኮል እንዳይመስልሽ። ጡንቻቸው ልል ስለሆነ ስስ ወረቀት በጣት ለይቶ መግለጥ ይከብዳቸዋል፤ ሲጎትቱት ይቀደዳል። በየገጹ ጥግ ስፖንጅ ለጥፌ ነበር፣ አኘከው። እንዳያንቀው ፈርቼ አነሳሁት። አሁን ወጣ ያለ የካርቶን ምላስ በስኮች አጣብቄበታለሁ፣ እሱን ይዞ ይገልጣል። በተውሶው ላይ ግን እንዳትሞክሪው!

የአያቱን፣ የጫማውን፣ የድመታችንን ፎቶ ደግሞ ፎቶ ኮፒ ቤት አሳትሜ ላሚኔት አስደረግሁ፣ ሥሩ ቃሉን በትልቁ ጽፌ። ብዙዎቹ ከሰሙት ይልቅ ያዩትን ይይዛሉ። ስታነቢላት ፊት ለፊት ተቀመጪ፣ አፍሽን ትይ። "ይቺ ማናት?" ካልሽ በኋላ ቶሎ አትመልሺላት፣ በልብሽ እስከ 10 ቁጠሪ። ኪኪ ጆሮዋን ታይታለች? ውስጡ ፈሳሽ እየያዘ ድምፅ የሚያፍንባቸው ብዙ ናቸው።

ብሩክ፦ ስኮች አልኩ እኮ። ከሁለቱም ጎን።

ማሚ፦ ለመምህሯም እውነቱን ንገሪያት። እኔም አስተምራለሁ፣ የእኛ መደርደሪያ ግማሹ የተለጠፈ ነው።

የኪኪ እናት፦ የጆሮውን ማንም ነግሮኝ አያውቅም። ቤት ውስጥ ስኮች የለም፣ ሱቁም ዘግቷል። የቁስል ፕላስተር ይሆናል?

የመንታ አባት፦ ዶሮዋ እኮ ተጎድታለች። ይሆናል።